ጭረቱ ጠፋ፣ ልጅቷ ግን አልተመለሰችም

(እሁድ ከሰዓት በኋላ ለእኅቶች ከተደረገ ንግግር)

ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ብዙዎቻችሁ ስለምትጠይቁኝ ነገር ነው። ስልክ ሲጫርባችሁ፣ የልጆች ጌም ሲጫርባችሁ፣ «አንቺ በመኪና ፖሊሽ ታወጪዋለሽ አሉ፣ እስቲ አሳዪን» ትሉኛላችሁ። አሳያችኋለሁ። መጀመሪያ ግን እንዴት እንደተማርኩት ልንገራችሁ፤ ሙያውን ያገኘሁት በጥሩ መንገድ አይደለም።

ቤይሩት በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት ነው። የቤቱ ልጅ ሙዚቃ የሚሰማበት ትንሽ ማጫወቻ ነበረው፤ ፊቱ የሚያበራ ፕላስቲክ ነው። አንድ ሐሙስ ማርማላታ ተለቅልቆ አገኘሁት። ልጁ ከትምህርት ቤት ሳይመለስ ላጽዳው ብዬ በዕቃ ማጠቢያው ስፖንጅ፣ በአረንጓዴው ሻካራ በኩል አሸሁት። ማርማላታው ለቀቀ። ሲደርቅ ሳየው ግን ስክሪኑ ጉም የለበሰ መስሏል። ደነገጥኩ። ደመወዜ ገና ለጉዞ የተበደርኩትን ዕዳ ነበር የሚከፍለው። ከልጁ አልጋ ሥር ከተትኩትና ዝም አልኩ።

ማታ ማዳም አገኘችው። «ማነው እንዲህ ያደረገው?» አለች። «አላየሁም» አልኩ። ሐሙስ ሐሙስ በሰዓት እየተከፈላት ልብስ የምትተኩስ አንዲት የስሪላንካ ልጅ ትመጣ ነበር። ማዳም «እሷ ናት» ብላ ደመደመች። ደውላ ሁለተኛ እንዳትመጪ አለቻት። እኔ ወጥ ቤት ቆሜ እየሰማሁ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ቆሻሻ ልጥል ስወርድ የሕንፃው ናጡር፣ አሞ የምንለው ሱዳናዊ፣ የአንዱን መኪና የፊት መብራት ሲያሽ አየሁት። ቢጫ ሆኖ የደበዘዘው መብራት እንደ አዲስ እየጠራ ነው። የመብራቱ መሸፈኛ መስታወት ሳይሆን ፕላስቲክ እንደሆነ የነገረኝ እሱ ነው። ማጫወቻውን አምጥቼ አሳየሁት። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጦ አሽቶ አሽቶ አጠራው። ልጁ ደስ አለው። ማዳምም አይታ «ለካ ቆሻሻ ነበር» አለች። ለልጅቷ ግን አልደወለችላትም። እኔም ደውይላት አላልኩም።

አሁን ወደ ሥራው። ፖሊሽ ጭረትን አይሞላም። ውስጡ በጣም ደቃቅ ዱቄት አለ፤ ያ ዱቄት በጭረቱ ዙሪያ ያለውን ጥቂት ጥቂት እየላጠ ከጭረቱ እኩል ያወርደዋል። ስለዚህ ጥፍራችሁን በጭረቱ ላይ አሳልፉት። ጥፍር ካልያዘው ይወጣል። ጥፍር ከያዘው ጥልቅ ነው፤ ቢደበዝዝም ጨርሶ አይጠፋም። ሰም፣ ማለትም ዋክስ፣ ከፖሊሽ ይለያል። ዋክስ ትንንሹን ጭረት ሞልቶ ይደብቀዋል፤ በእጅ ሲነካካ ለቆ ጭረቱ ተመልሶ ይታያል።

ሁለተኛ፣ ዕቃው ከምን እንደተሠራ ዕወቁ። የመኪና ፖሊሽ የተዘጋጀው ከመኪናው ቀለም በላይ ለሚቀባው ጥርት ያለ ሽፋን ነው፤ እሱም የፕላስቲክ ዓይነት ስለሆነ ፖሊሹ ለሚያበራ ፕላስቲክ ይስማማል። ለአሮጌ ስልክ ፕላስቲክ ስክሪን፣ ለጌም መሸፈኛ፣ ለሚያበራ የጀርባ ክዳን ይሆናል። የማያበራ ፕላስቲክ ላይ ካሻችሁት ግን ያ ቦታ ብቻ አብርቶ ነቁጥ ይሆንባችኋል። ቀለም የተነከረ አሉሚኒየም ላይ ደግሞ ቀለሙን ያነሳዋል። የካሜራውን ዓይን ፈጽሞ አትንኩ።

አሠራሩ ይኸው። ዕቃውን አጥፉ፤ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡት። የቻርጀሩን ቀዳዳና የድምፅ ማውጫውን በፕላስተር ሸፍኑ። አቧራውን መጀመሪያ እፍ በሉት፤ አሸዋ ካለበት እያሻችሁ ሌላ ጭረት ትጨምራላችሁ። የመነጽር መጥረጊያ ወይም ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ያዙ፤ ሶፍት አይሆንም። ፖሊሹን የአንድ ሽምብራ ያህል ጨርቁ ላይ አድርጉ እንጂ ዕቃው ላይ አታፍስሱ። ከዳር፣ ከማይታይ ቦታ ሞክሩ። ከዚያ ሳትጫኑ፣ ትንንሽ ክብ እየሠራችሁ 2 ወይም 3 ደቂቃ አሹ፤ ጥረጉ፤ ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩ፤ ካልጠራ ድገሙት። መስኮት ክፈቱ፤ ጓንትም አድርጉ።

መስታወት ሌላ ነገር ነው። የዛሬ ስልኮችና ታብሌቶች አብዛኞቹ ፊታቸው መስታወት ነው። እ.ኤ.አ. በ1812 ፍሪድሪክ ሞህስ የሚባል ጀርመናዊ ማዕድናትን ማን ማንን ይጭራል በሚል ከ1 እስከ 10 አስቀመጣቸው። አሸዋ ውስጥ በብዛት ያለው ኳርትዝ 7ኛ ነው። የስልክ መስታወት ከ6 እስከ 7 ባለው ውስጥ ነው፤ የቢላዋ ብረት 5 ተኩል ገደማ። እንግዲህ ከቦርሳ ውስጥ ቁልፍ ይልቅ መስታወቱን የሚጭረው አሸዋ ነው። የመኪና ፖሊሽ የመስታወት ጭረት አያወጣም። ይልቁንም የጣት ቅባት እንዳይዝ የተቀባውን ስስ ሽፋን ያነሳና ስክሪኑ ሁልጊዜ አሻራ የሚይዝ ይሆናል። ሴሪየም ኦክሳይድ የሚባል የመስታወት ማለስለሻ አለ፤ ግን ሰዓታት ይፈጃል፣ እሱም ሽፋኑን ያነሳል። ለመስታወት የሚሻለው ቀድሞ መከላከያ መለጠፍ ነው።

ይህንንም በራሴ ነው ያወቅሁት። ከዓመታት በኋላ፣ በሌላ ቤት፣ የኸምሲን ነፋስ አቧራውን ባመጣበት ሰሞን በረንዳውን በወለወልኩበት ጨርቅ የማዳምን ታብሌት ጠረግሁት። አሸዋው ቀጭን ረጅም መስመር ሠራበት። ፖሊሹ ጓዳ ውስጥ ነበር። እጄ ሄደ። ያቺ የስሪላንካ ልጅ ትዝ አለችኝና መለስኩት። ማታ ማዳም ስትገባ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አልኳት። ጮኸች። መስታወቱ ተቀየረ፤ ግማሹ ከደመወዜ ተቆረጠ። ከፋኝ፣ አለቀስኩም። ግን በእኔ ጥፋት እንጀራዋ የተቋረጠ ሰው አልነበረም።

እኅቶቼ፣ ሁሉም ቤት አንድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እጅ የሚነሳበት ቤት ያላችሁ አላችሁ። እንዲህ ያለ ቤት ያለሽ ብቻሽን አትናገሪ፤ መጀመሪያ ለምታምኛት ሰው ንገሪ፣ እኛም ጋ ነይ፣ አብረን እንመክራለን። የሌላ ሰው ዕቃ ከሆነ ግን ፖሊሽ ከማንሳትሽ በፊት ባለቤቱ ይወቅ። የባሰ ቢበላሽ ሁለት ጥፋት ይሆንብሻል። ቢሳካም እንኳ፣ በአንቺ ፈንታ የተጠረጠረች ሴት ካለች፣ ዕቃው ስለጠራ የእሷ ስም አይጠራም።

ያቺን ልጅ ፈልጌያት አላገኘኋትም። ስሟን እንኳ በትክክል አላውቅም ነበር፤ ሁላችንም «የሐሙሷ» ነበር የምንላት።

አሁን ጠረጴዛው ላይ ፖሊሽና ጨርቅ አለ። የራሳችሁን ስልክ አምጡ፣ ጥፍራችሁን አሳልፉበት፣ ፕላስቲክ የሆነውን አብረን እናሻለን።