ሲመታ ስሕተት የገባበትን አሮጌ ገንዘብ ስለ መለየትና ስለ መገመት
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ ልናገርበት የመረጥሁት ጉዳይ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ትንሽ ነገር ነው፤ ይኸውም ሲመታ ስሕተት የገባበት አሮጌ ገንዘብ እንዴት እንደሚለይና ዋጋው እንዴት እንደሚገመት ነው። ይህ የሥራ ፈቶች ጨዋታ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በአገራችን አሮጌው ብር ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በገበሬው ሣጥንና በአርብቶ አደሩ አንገት ላይ ነው፤ ስለ ብሩ የሚያውቀው ደግሞ ገዢው ነው። ሻጩ ሳያውቅ ገዢው ብቻ የሚያውቅበት ገበያ ሚዛኑ የተዛባ ገበያ ነው።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ ዲመካ ነው። ባለፈው ዕረፍት ወደ ሐመር ወርጄ በቅዳሜው ገበያ ስዘዋወር፣ አንድ ሽማግሌ ከአባታቸው የወረሱትን ጠገራ ብር አሳዩኝ። የሐመርን ቋንቋ ስለማላውቅ የዚያው አገር ልጅ የሆነ ተማሪ አስተረጐመልኝ። አንድ ነጋዴ «ይህ ብር ስሕተት አለበት፤ ዓመቱ 1780 ይላል፤ ከቁጥሩም ቀጥሎ ያለ ቦታው የገባ የመስቀል ምልክት አለ፤ ስለዚህ የምገዛው እንደ ቁርጥራጭ ነው» ብሏቸዋል። ሌላው ደግሞ በተቃራኒው «ስሕተት ያለበት ብር መኪና ይገዛል» ብሎ አስጐምጅቷቸዋል። ሽማግሌውም «ልጄ፣ ከሁለቱ የዋሸኝ የትኛው ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

መልሱ «ሁለቱም» ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞተች፤ ብሯ ግን በምሥራቅ ገበያ ስለ ተወደደ ከሞተችም በኋላ ያው ዓመት ሳይለወጥ በቪየና፣ በሚላኖ፣ በቬኒስ፣ ኋላም በሮማ፣ በለንደንና በቦምቤይ ሲመታ ኖረ። ሙሶሊኒ አገራችንን ለመውረር በተዘጋጀበት በ1935 እ.ኤ.አ. የመምቻውን መብት ከኦስትሪያ ያገኘው ያለዚህ ብር በኢትዮጵያ ገበያ መገበያየት ስለማይቻል ነበር። ከዓመቱ ቀጥሎ ያለው የመስቀል ምልክትም በዚሁ ብር ሁሉ ላይ የሚገኝ ነው። እንግዲህ የሽማግሌው ብር ስሕተት የለበትም፤ ቁርጥራጭም አይደለም፤ መኪናም አይገዛም።

ከዚህ የምንማረው የመጀመሪያው ደንብ፣ ስሕተቱን የሚያውቅ ትክክለኛውን ያወቀ ብቻ መሆኑን ነው። ስሕተት የሚመስል፣ ነገር ግን ስሕተት ያልሆነ ነገር በራሳችን ገንዘብም ላይ ሞልቷል። በ፲፰፻፹፯ ዓ.ም. በፓሪስ በተመታው የዳግማዊ ምኒልክ ብር ላይ አንበሳው ግራ እግሩን ያነሣል፤ በ1892 ዓ.ም. በተመታው ላይ ግን ቀኝ እግሩን ነው። ይህ የተለየ ማኅተም እንጂ የአንጥረኛ ስሕተት አይደለም። እንደዚሁም 1936 የሚለው ስሙኒ በመጀመሪያ ክብ ነበረ፤ ከብሩ ሽልንግ ጋር ስላምታታ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል ሞገድ እንዲሆን ተደረገ። ሞገደኛውን ስሙኒ አይቶ «ሰው ቆርጦታል» የሚል ሰው ይሳሳታል። 1936 የሚለውም ዓመት ሳይለወጥ ገንዘቡ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ተመትቷል።

ታዲያ እውነተኛው ስሕተት የቱ ነው? ገንዘብ የሚመታው ክብ ጥፍጥፍ ብረት በሁለት ማኅተሞች መካከል ገብቶ፣ ዙሪያውን በቀለበት ተይዞ ሲደቃ ነው። ስለዚህ ስሕተት የሚገባባቸው በሮች ሦስት ናቸው፤ ማኅተሙ፣ ጥፍጥፉና ምቱ።

ማኅተሙ ቢሰነጠቅ በስንጥቁ ውስጥ ብረት ስለሚገባ በገንዘቡ ላይ ከፍ ያለ መስመር ይታያል። በቢላ የተጫረ መስመር ግን ጐድጓዳ ነው። ስለዚህ «መስመሩ ከፍ ያለ ነው ወይስ የገባ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ብዙ ክርክር ይቈርጣል።

ጥፍጥፉ ከብረቱ ሉሕ ሲቈረጥ ቀድሞ በተቈረጠ ቀዳዳ ላይ ቢያርፍ፣ ገንዘቡ እንደ ተነከሰ ቂጣ ጐደሎ ይሆናል። ይህን ከመቀስና ከሞረድ ሥራ ለመለየት ከጐደለው ወገን ትይዩ ያለውን ጠርዝ ማየት ይጠቅማል፤ እውነተኛ ሲሆን ያ ጠርዝ ብዙ ጊዜ ደብዝዞ ይገኛል። ጠርዝ የሚያነሣው መሣሪያ በአንድ ወገን የሚጫነው ሲያጣ በሌላውም ወገን ኃይሉ ይደክማልና።

በምቱ ጊዜ ደግሞ ጥፍጥፉ ከመካከል ሸሽቶ ቢመታ፣ ሥዕሉ ወደ አንድ ጐን ይሄድና በሌላው በኩል ባዶ ስፍራ ይቀራል። የተመታው ገንዘብ ከማኅተሙ ላይ ተጣብቆ ቢቀር፣ ቀጥሎ የሚገባው ጥፍጥፍ በአንድ ፊቱ ትክክለኛውን ሥዕል፣ በሌላው ፊቱ ያንኑ ሥዕል በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጦና ወደ ውስጥ ገብቶ ይቀበላል። አታላዮች ሁለት ሳንቲም በማሰሪያ ጨምቀው ይህን ለማስመሰል ይሞክራሉ፤ ነገር ግን ሲጨመቅ የሌላው ፊት ሥዕል ስለሚጨፈለቅ ይጋለጣል።

ከዓይን ቀጥሎ ዳኛው ሚዛን ነው። ማሪያ ቴሬዛ 28.07 ግራም ያህል ትመዝናለች፤ ከሺህ 833 እጅዋ ንጹሕ ብር ነው። የምኒልክም ብር በክብደት ከእርሷ ጋር የተካከለ ነው። እጅግ ቀሎ የተገኘ፣ ፊቱ ላይ የአረፋ ቀዳዳ የሚታይበት፣ በጠርዙም ላይ የመጋጠሚያ መስመር ያለው፣ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል። በማሪያ ቴሬዛ ጠርዝ ላይ ከፍ ብለው የወጡ የላቲን ፊደላት መኖር አለባቸው።

ስለ ዋጋ ስንናገር ከታች ወደ ላይ እንቍጠር። ወለሉ የብረቱ ዋጋ ነው፤ በአንዲት ማሪያ ቴሬዛ ውስጥ 23.4 ግራም ያህል ንጹሕ ብር ስላለ፣ የዕለቱን የብር ዋጋ የጠየቀ ሰው ከዚያ በታች አይሸጥም። ከወለሉ በላይ የሚወጣው የገንዘቡ ብርቅነት፣ የስሕተቱ ጉልህነትና የፊቱ ጥራት ተመዝነው ነው። በሁሉም ላይ ፈላጊ መኖር አለበት፤ ብቻውን የሆነ፣ ግን ማንም የማይፈልገው ነገር ዋጋ የለውም። ጥቂት ወደ ጐን የሸሸ ምት ብዙ አይጨምርም፤ ግማሹ ባዶ የሆነ ግን ሰብሳቢን ያነሣሣል። በአሸዋና በሎሚ ማሸት ደግሞ ዋጋውን ይገድላል፤ በምንም ዓይነት አትጠቡት!

ለአንገት ጌጥ ተብሎ የተበሳ ወይም ጆሮ የተበየደለት ብር በሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው ይወርዳል። ለእኛ ግን ያች ጆሮ ብሩ በማን አንገት እንደ ኖረ የምትመሰክር ናትና እንዳትነቀል እንምከር። ቅርስንም ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቍጥር 209/1992 የተከለከለ መሆኑን ለባለቤቱም ለገዢውም መንገር ይገባናል።

እንግዲህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በዕረፍት ወደየአገራችን ስንበተን ትንሽ ሚዛንና ማጉያ መነጽር እንያዝ። አሮጌ ገንዘብ ያሳየን ሰው ሲኖር መዝነን፣ ሁለቱን ፊትና ጠርዙን ሥለን፣ ያገኘነውን ለባለቤቱ በራሱ ቋንቋ እንንገረው። እኛ ራሳችን ግን በዚያው ቀን ገዢዎች አንሁን፤ ገማችና ገዢ አንድ ሰው ሲሆን ግምቱ ይታመማልና። የተማርነው ትምህርት ከሽማግሌው እጅ ብሩን የሚያወጣ ከሆነ ከነጋዴው በምን ተለየን?