ከጉዞ በፊት ማረፊያ



ሐኪም ሆነሽ ከወፍ ጋር ምን አገናኘሽ ትሉኝ ይሆናል። በ2022 እ.ኤ.አ. ገና አምስት ወሩ የሆነ የውሃ ዳር ወፍ ከአላስካ ታዝማኒያ 13,560 ኪሎ ሜትር ያህል በ11 ቀን ሳያርፍ በረረ። እነዚህ ወፎች ከመነሣታቸው በፊት ዳርቻው ጭቃ ላይ ተመግበው ስብ ያጠራቅማሉ፤ ጨጓራና አንጀታቸውም ይኮማተራል። ዳርቻው ከጠፋ ጉዞው የለም። ከአውሮፓ መጥተው ፎገራ ላይ በጋውን ለሚያሳልፉትም ያው ነው።

የደሃና ነፍሰ ጡርም ሰቆጣ ለመድረስ ዳገት ቁልቁለቱ ይጠብቃታል። ምጥ ከያዛት ወዲያ ከተነሣች ዘገየች። ቀድማ የምታርፍበት የእናቶች ማቆያ ፍራሽ፣ ማገዶና የገንፎ እህል ከሌለው ግን ማን ይገባበታል? የዘንድሮ መዋጯችን ለሱ ይሁን እላለሁ።