አልጋ ሳይለዩ ፍራሽ መክፈል

በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር



ባለፈው ወር ስለ ወገብ ሕመም ስንወያይ አንዲት እህት «የላቴክስ ፍራሽ ልገዛ ነው፣ ወጡ ይሻላል ወይስ የተከፈለው?» ብላ ጠይቃ ነበር። ሰዓቱ አልቆ ስለነበር መልሱን ዛሬ ይዤ መጥቻለሁ። ባለሙያ አይደለሁም። የማካፍላችሁ ከእቁብ ያገኘሁትን ገንዘብ ከፍዬ የተማርኩትን ነው።

እዚህ አሜሪካ ብዙዎቻችን የምንተዳደረው አረጋውያንን በየቤታቸው በመንከባከብ ነው። ሰው ስናነሣና ስናገላብጥ እንውላለን። ወገባችን እንጀራችን ነው። ስለዚህ የፍራሽ ነገር ለእኛ የቅንጦት ወሬ አይደለም።

አዲስ አበባ ያደግን ሁሉ ፍራሽ አዳሽን እናስታውሳለን። በየሰፈሩ እየዞረ የተጋገረውን የጥጥ ፍራሽ ይተረትርና ጥጡን አፍታቶ መልሶ ይሰፋው ነበር። በደርብ የተሠራ የላቴክስ ፍራሽም ይከፈታል። የተፈጥሮ ላቴክስ ከጎማ ዛፍ የሚወጣ ወተት መሳይ ፈሳሽ ነው። አረፋ እስኪሆን ይመታና በሙቀት ይበስላል። ብዙውን ጊዜ እያንዳንዱ ደርብ ሦስት ኢንች ያህል ውፍረት አለው። ሁለት ወይም ሦስት ደርቦች ተነባብረው ባለዚፕ ሽፋን ውስጥ ይገባሉ። አንዱ ለስላሳ፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ ጠንካራ ሊሆን ይችላል። ካልተመቻችሁ ዚፑን ከፍታችሁ የላዩን ወደ ታች፣ የታቹን ወደ ላይ ማድረግ ትችላላችሁ።

ጥያቄው እዚህ ላይ ይመጣል። ደርቡ ከዳር እስከ ዳር ወጥ ይሁን ወይስ ከራስጌ እስከ ግርጌ ለሁለት የተከፈለ?

እኔ ወጡን መረጥኩ። ምክንያቴ ዛሬ ያስቀኛል። «የተከፈለ ፍራሽ» ሲሉኝ ጆሮዬ የሰማው «አልጋ መለየት» የሚለውን ነበር። በአገራችን ባልና ሚስት አልጋ ለዩ ከተባለ ሽማግሌ ሊላክ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሦስቱንም ደርብ ወጥ አድርጌ አዘዝኩ።

ባለቤቴ ግዙፍ ሰው ነው፣ በጀርባው ይተኛል። እኔ ቀጭን ነኝ፣ በጎኔ እተኛለሁ። ለስላሳውን ከላይ ስናደርገው እሱ ወገቡ እየሰመጠ አመመው። ጠንካራውን ስናወጣው ደግሞ የእኔ ትከሻ ደነዘዘ። ወጥ ደርብ ስታገላብጡት ለሁለታችሁም ነው የሚገለበጠው። በመጨረሻ ባለቤቴ ትራሱን ይዞ ሶፋ ላይ ማደር ጀመረ። አልጋ እንዳንለይ ብዬ የገዛሁት ፍራሽ አልጋ አስለየን።

ለመቀየር ስደውል ቀነ ገደቡ አልፏል ተባልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ስገዛ አልጠየቅሁም። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው እንደሚባለው ሆነብኝ። እንደገና ቆጥበን የታችኛውን ወጥና ጠንካራ ደርብ ባለበት ትተን፣ የመሐሉንና የላዩን የተከፈለ ገዛን። በእሱ በኩል መሐሉ ጠንካራ፣ ላዩ መካከለኛ ሆነ። በእኔ በኩል መሐሉ መካከለኛ፣ ላዩ ለስላሳ ሆነ። ከፍታው እኩል ነው፣ ሽፋኑም አንድ። ባለቤቴ ከሶፋው ተመለሰ።

ክፍተቱ አይሰማም ወይ ትሉኛላችሁ። ሽፋኑ ግማሾቹን አጥብቆ ስለሚይዝ ስንጥቁ ብዙም አይታወቅም። መሐል ላይ ስትተኙ የሚታወቀው የሁለቱ ወገን ልስላሴ መለያየቱ ነው። ልጅ መሐል የምታስተኛ እናት ይህን ታስብበት። ባለቤቷም እሷም አንድ ዓይነት ልስላሴ የሚወዱ ከሆነ፣ ወይም ብቻዋን የምትተኛ ከሆነ፣ ወጡ ይበቃታል። የላዩ ወጥ፣ የታቹ የተከፈለ የሚያደርጉም አሉ። መሐሉ ይለሰልስላቸዋል፣ የሁለቱ ወገን ልዩነት ግን ይቀንሳል፤ የምንተኛበት ከሁሉ በላይ የሚሰማን የላዩ ደርብ ነውና።

ክብደቱንም አትርሱ። የኪንግ ስፋት ያለው አንድ ወጥ ደርብ ወደ 50 ፓውንድ ሊመዝን ይችላል። እጀታ የለውም፣ ይተጣጠፋል፣ በአንድ ጫፍ ከተጎተተም ይቀደዳል። የሰው አካል አንሥታ የዋለች ሴት ማታ ብቻዋን እሱን ልትታገል አይገባትም። ግማሹን ግን ጠቅልላ በጠባብ ደረጃ ታወጣዋለች።

አንድ ቁጥር ደግሞ ያዙልኝ። ኪንግ 76 በ80 ኢንች ነው። ሲከፈል እያንዳንዱ ግማሽ 38 በ80 ይሆናል፤ ይህም ትዊን ኤክስ ኤል የሚባለው የነጠላ አልጋ ልክ ነው። ደርቦቹ ሁሉ የተከፈሉ ከሆነ፣ ነገ እናታችን ከአገር ቤት ብትመጣ ሌላ ሽፋን ገዝተን አንዱን ፍራሽ ሁለት እናደርገዋለን። ክዊን ግን 60 በ80 ስለሆነ ግማሹ 30 ኢንች ብቻ ነው፤ ለመደበኛ ነጠላ አልጋ ይጠባል።

እንግዲህ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። አንድ ደርብ ብቻ መቀየር ይቻላል? እስከ መቼ? የመላኪያውን ማን ይከፍላል? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ላቴክስ የሚያስቆጣው ሰውነት ያላችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ።

እህቶቼ፣ መኝታችንን ለሁለት መክፈል ፍቅርን መክፈል አይደለም። እያንዳንዱ ሰውነት የሚያሳርፈውን ማግኘቱ ነው። ለመግዛት ያሰበች ካለች ከባለቤቷ ጋር ቤቴ ትምጣና ጋደም ብለው ይሞክሩት። ወጡ ደርብም አሁን ጋራዥ ውስጥ ስላለ እሱንም ይነኩታል። እኔ ቡናዬን አፍልቼ እጠብቃለሁ።