ስሙ በዕጣ የወጣለት

እ.ኤ.አ. በ1997 ጆርጅ ዳውስ ግሪን የተባለ አሜሪካዊ ደራሲ፣ ጆርጂያ ሳለ በረንዳ ላይ የሚያመሽበት ወግ ቢናፍቀው፣ ኒው ዮርክ ሳሎኑ ውስጥ ወዳጆቹን ሰብስቦ የሕይወት ታሪካቸውን አስወራቸው። «ዘ ሞዝ» የሚባለው ምሽት እንዲህ ተጀመረ። አሁን በተለያዩ ከተሞች ተራው ሰው ስሙን ጽፎ ይሰጣል፤ ዕጣ የወጣለት መድረክ ይወጣል። አምስት ደቂቃ ገደማ አለው፤ ታሪኩ የራሱና እውነተኛ መሆን አለበት፤ ወረቀት ይዞ ማንበብ ክልክል ነው። እኔ የወደድኩት ይህን የመጨረሻውን ነው። ወረቀት የሌለው ሰው ይንተባተባል፣ ቃል ሲጠፋው ጣራ ጣራውን ያያል፤ አዳራሹም ጆሮውን የሚሰጠው ያኔ ነው። የእኛ አዳራሾች ግን፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ለክብር እንግዳው ረጅም ንግግር ሰዓት አያጡም። ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡትን ጡረተኛ አዋላጅ ነርስ፣ መብራት በጠፋባቸው ሌሊቶች እንዴት እንዳዋለዱ የጠየቃቸው አለ?