የባርኔጣ መቀነት

(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት የተሰማ)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ሁለት ጣት የማትሞላ ጨርቅ ነው፡፡ በባርኔጣ ዙሪያ፣ ጉልላቱ ከክፈፉ በሚገናኝበት ቦታ የምትዞረውን ጨርቅ ማለቴ ነው፡፡ የንግግሩ ርእስ በተለጠፈ ጊዜ አንዳንዶቻችሁ እንደ ሳቃችሁ ሰምቻለሁ፡፡ ከእኔ በፊት የተናገሩት ስለ አገር ኢኮኖሚ ነበርና አልቀየምም፡፡

እኔ የተወለድሁት በወገራ፣ በአምባ ጊዮርጊስ ነው፡፡ ከጎንደር ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ በመኪና የሄደ ሁሉ ያውቃታል፡፡ ደጋ ናትና ማለዳ ከቤቱ የሚወጣ ሰው ራሱን ሳይሸፍን አይወጣም፤ ካህኑ ጥምጥሙን፣ መነኵሴው ቆቡን፣ ሴቶቹ ሻሻቸውን፣ እረኛው የጋቢውን ጫፍ፣ አጎቴ ደግሞ ባርኔጣውን፡፡

በዚህ ነገር አማርኛችን ድኻ አይደለም፡፡ ግሡን ብቻ ተመልከቱ፤ ጥምጥም ይጠመጠማል፤ ሻሽ ይታሰራል፤ ዘውድ ይጫናል፤ ባርኔጣ ይደፋል፡፡ «ቆብ ደፋ» የተባለ እንደ ሆነም ሰውየው መነኰሰ ማለት ነው እንጂ በረደው ማለት አይደለም፡፡ ባርኔጣ የሚለው ስም ራሱ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው፤ ከጣልያንኛው «በሬታ» ጋር ይዛመዳል፡፡ ነገር ግን ከመጣ ቆይቷል፡፡ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸውን በነጭ ሻሽ አስረው፣ በላዩ ክፈፈ ሰፊውን ባርኔጣ ደፍተው የተነሡትን ፎቶግራፍ ያላየ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም፡፡ እንግዲህ ባርኔጣው ከመቶ ዓመት በላይ አገሬ ሆኖ ኖሯል፤ በዙሪያው ያለችው ጨርቅ ግን ስሟ እስከ ዛሬ አልረጋም፡፡

በእኛ ቤት ስሟ መቀነት ነበር፡፡ «የባርኔጣው መቀነት ላልቷል፤ ስፊልኝ» ይላል አጎቴ፤ እናቴም ትሰፋለታለች፡፡

አባቴ ባረፈ ጊዜ የሆነውን ልንገራችሁ፡፡ በአገራችን ኀዘንተኛ ነጠላውን እንደሚዘቀዝቅ ታውቃላችሁ፡፡ በደስታ ቀን ወደ ታች የሚወርደው ጥለት በኀዘን ቀን ወደ አንገት ይወጣል፤ ያየም ሰው ምን ሆንህ ብሎ አይጠይቅም፡፡ አጎቴ ከቀብር ተመልሶ ተቀመጠና በሰንጢ የባርኔጣውን መቀነት ክር እየቈረጠ ፈታው፡፡ ጠቅልሎም በሣጥን አስቀመጠው፡፡ እናቴ ምነው ብትለው፣ «ነጠላዬ ተዘቅዝቆ ባርኔጣዬ ታጥቆ ይውላል?» አላት፡፡ ይህ የአገር ልማድ አይደለም፤ ከርሱ በቀር ያደረገ ሰው አላየሁም፡፡ በኋላ ሳነብ ግን በዐሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን፣ ማለት በ1800ዎቹ በእነርሱ አቈጣጠር፣ አውሮፓውያን ኀዘንተኞች በባርኔጣቸው ዙሪያ ጥቁር ሻሽ ይጠመጥሙ እንደ ነበር አገኘሁ፡፡ እነርሱ ለሙት ይጨምራሉ፤ አጎቴ ለሙት ቀነሰ፡፡

ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ሣጥኑን ቢከፍት መቀነቱን ብል በልቶታል፡፡ ሌላ ሊገዛ እኔ ወደምማርበት ከተማ መጣ፤ ወደ አንድ ሱቅም ይዤው ገባሁ፡፡

«ልጄ፣ የባርኔጣ መቀነት ይኖርሃል?» አለው ባለሱቁን፡፡

ባለሱቁም ፈገግ ብሎ፣ «ጋሼ፣ መቀነትስ የሴት ነው» አለው፡፡ በአጠገባችን የነበሩ ሁለት ልጃገረዶች ሳቁ፡፡ እኔም ፊቴ ቀልቶ፣ «ሪባን ለማለት ፈልገው ነው» አልሁ፡፡

አጎቴ ምንም ሳይገዛ ወጣ፡፡ ጥቂት ከሄድን በኋላ፣ «ሪባን ያልኸው ምን ማለት ነው?» ሲል ጠየቀኝ፡፡ «ያው ሪባን ነዋ» አልሁት፡፡ «መቀነትስ ወገብን ይይዛል፤ ሪባንህ ምን ይይዛል?»

አሥራ ሁለት ዓመት ተምሬ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ሰው ነኝ፤ የምመልስለት አጣሁ፡፡

ስለዚህ ፈለግሁ፡፡ ዛሬ ለጌጥ ብቻ የምትመስለን ይህች ጨርቅ ጥንት ሥራ ነበራት፡፡ ባርኔጣ እንደ ጫማ በቍጥር ሳይሰፋ በፊት ሰዎች ገመድ ወይም ጨርቅ በዙሪያው አስረው በየራሳቸው ልክ ያጠብቁት ነበር፡፡ ሥራው ሲቀር ማሰሪያው ጌጥ ሆኖ ቀረ፤ በጎኑ የሚታየውም ቋጠሮ የዚያ ማሰሪያ ዘር ነው፡፡ እንግዲህ በዚያ ሱቅ ውስጥ የነገሩን ባሕርይ ያወቀው ማን ነበር?

የህንድም ነገር አለ፡፡ በህንድ አገር ጥምጥም «ፓግሪ» ይባላል፡፡ እዚያ የነበሩ እንግሊዞች ፀሐይ ቢበዛባቸው ቀጭን ሻሽ በቆባቸው ዙሪያ መጠምጠም ጀመሩ፤ ስሙንም ከነጨርቁ ወስደው የቆባቸውን ማሰሪያ «ፐገሪ» አሉት፡፡ የእኛ ንጉሥ ሻሹን ከባርኔጣው በታች አሰሩ፤ እንግሊዞቹ ከላይ ጠመጠሙት፡፡ ስሙን ግን ካገኙት ሕዝብ አፍ ለመውሰድ አላፈሩም፡፡

ጓደኞቼን ባማክር ምክራቸው ተለያየ፡፡ ቅኔ የተማረው «ቀጸላ» በለው አለኝ፡፡ ያማረ ግእዝ ነው፤ ነገር ግን ለአክሊል የተገባውን ስም ብል ለሚበላው ጨርቅ መስጠት ይከብደኛል፡፡ ሌላው «ጥለት» አለ፤ ይህም መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ጥለት ከሸማው ጋር አብሮ ይሸመናል እንጂ እንደዚህ አይፈታም፤ አይታሰርም፡፡ «ሪባን» ደግሞ የጽሕፈት መኪና ነው፤ የምረቃ መቀስ ነው፤ የስጦታ ማሰሪያ ነው፡፡ ይህን ሁሉ ሥራ ይዞ የአጎቴን ባርኔጣ ቢተወው ምን ይጎድልበታል?

መቀነት የሴት ነው ለሚለውም ክርክር መልሴ አጭር ነው፡፡ ባርኔጣ ወገብ የለውም፤ ሰው ግን ወገቡን አይቶ ሰጠው፡፡ የጠርሙስ አንገት፣ የወንበር እግር፣ የመርፌ ዐይን ስንል ማን ይስቃል?

አጎቴ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ባዶ እጁን ተመለሰ፡፡ እናቴ የአባቴን ኩታ ከሣጥን አውጥታ፣ ከጥለቱ ሁለት ጣት ቀድዳ በባርኔጣው ዙሪያ ሰፋችለት፡፡ ባለፈው ፋሲካ አይቼዋለሁ፤ ጥቂት ጠምሟል፡፡

ከዚህ ቀጥሎ የውይይት ጊዜ ስላለ፣ ከጎጃምም ከወሎም ከሐረርም የመጣችሁ በየቤታችሁ ይህችን ጨርቅ ምን እንደምትሏት ብትነግሩኝ ደብተሬን ይዣለሁ፡፡