የአደይ ቢጫ

መስከረም ላይ አንዲት አደይ አበባ ብርጭቆ ውስጥ አቁሜ በውሃ ቀለም ልስላት ተቀመጥኩ። በውሃ ቀለም ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው፤ ብርሃን የሚያርፍበትን ሳይነኩ መተው ያስፈልጋል። እኔ ግን ሁሉንም ሞላሁት። ቢጫው ሳይደርቅ በብዕር ሳሰምርበት ጥቁሩ ቀለም ተሰራጭቶ አበባዬን አጨለማት። የብራና ጸሐፊዎቻችን ከጥላሸት የበጠበጡትን ቀለም በመቃ ብዕር እየጠቀሱ የጻፉበት ትዕግሥት ያን ጊዜ ገባኝ፤ ምን ያህል እንደማከብራቸው!

አሁን ቢጫውን በውሃ አቅጥኜ እቀባለሁ። እስኪደርቅ ቡና አፈላለሁ። ብዕሩን የማነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃት አደይ መሃሏ ከዳሯ ጠቆር ያለ መሆኑን ያየሁት ስስላት ነው። የዛሬዋ ጠረጴዛዬ ላይ ናት፤ ገና አልደረቀችም።