ስለ ባለ አንበሳው ሰንደቅ ዓላማ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



በፊታችሁ የቆምነው አምስታችን፥ ባለፈው ዓመት በታሪክ ምሽት ላይ የተነሣውን ጠብ መርምረን ሐሳብ እንድናቀርብ በማኅበሩ የታዘዝን ነን። ነገሩን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። አንድ ጓደኛችን ከአያቱ ሣጥን ያወጣውን ባለ አንበሳ ሰንደቅ ዓላማ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ሰቀለ። ሌላው ጓደኛችን ከወንበሩ ተነሥቶ ሊያወርደው ሄደ። በመካከል ጨርቁ ተቀደደ። ሁለቱ በአንድ ክፍል የሚያድሩ፥ ከአንድ ትሪ የሚበሉ ነበሩ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሰላምታ እንኳ አይለዋወጡም። የዘንድሮው የታሪክ ምሽት ደርሷል፤ ጥያቄውም ያው ነው። ይሰቀል ወይስ አይሰቀል?

ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው፥ አስቀድመን ታሪኩን በአጭሩ እናስታውስ። አረንጓዴ፥ ቢጫና ቀይ በአንድ ጨርቅ ላይ ተሰፍተው የመንግሥት ምልክት የሆኑት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የታወቀው ሰንደቅ ዓላማ በመካከሉ ዘውድ የደፋ፥ ጫፉ መስቀል የሆነ በትር የያዘ አንበሳ ነበረው። ንጉሠ ነገሥቱ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ከወረዱ በኋላ ደርግ በመጀመሪያ የአንበሳውን ዘውድ አወለቀ፥ መስቀሉንም በጦር ለወጠ፤ ቆይቶም አንበሳውን ጨርሶ አነሣውና ቀለሞቹ ብቻ ቀሩ። በ1979 ዓ.ም. መጨረሻ ሕዝባዊት ዲሞክራሲያዊት ሪፐብሊክ ስትታወጅ ሌላ ዓርማ ገባ። ያ መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ያም ዓርማ ወረደ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 3 ሰንደቅ ዓላማው በመካከሉ ብሔራዊ ዓርማ እንዲኖረው ደነገገ፤ በሰማያዊ መደብ ላይ ያለው ኮከብም በ1988 ዓ.ም. መጣ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 654 ደግሞ ዓርማ የሌለበትን ሰንደቅ ዓላማ መጠቀምን ከለከለ።

ይህን ሁሉ ስንቈጥር አንድ ነገር ይገለጥልናል። መንግሥታት ሲፈራረቁ ሦስቱ ቀለሞች ከቦታቸው አልተነቃነቁም። የተፈራረቀው በመካከላቸው የተቀመጠው ነው። እንግዲህ የእኛም ጠብ በቀለሙ ላይ ሳይሆን፥ መካከሉን ማን ይያዘው በሚለው ላይ ነው።

ሁለቱን ጓደኞቻችንን በየግላቸው አነጋግረናል። የሰቀለው ጓደኛችን አያት አርበኛ ነበሩ። ለእርሱ አንበሳው ማለት ዙፋን አይደለም። በጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ የተሰቀለው፥ በሚያዝያ 27 ቀን በአዲስ አበባ የጣልያንን ባንዲራ የተካው ነው። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች የአንድነት ድርጅትን ሲመሠርቱ አስተናጋጇ አገር የቆመችው በዚሁ ምልክት ሥር ነው። ጋና በ1949 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ እነዚህን ቀለሞች ከኢትዮጵያ መውሰዷን፥ በጃማይካ ያሉ ራስ ተፈሪያውያንም እስከ ዛሬ አንበሳውን ከፍ አድርገው መያዛቸውን ይጨምራል። የውጭ ሰው የሚያከብረውን እኔ በገዛ አገሬ የምደብቀው ስለ ምንድን ነው? ይላል።

ሊያወርደው የተነሣው ጓደኛችን ደግሞ ከደቡብ የመጣ የገባር ልጅ ልጅ ነው። ቅድመ አያቱ ያረሱት መሬት የእርሳቸው አልነበረም፤ ከምርቱ የሚበዛውን ለባለ መሬቱ ይሰፍሩ ነበር፤ ዳኛው በማያውቁት ቋንቋ ይፈርድባቸው ነበር። ከዳኛው ራስ በላይ የሚታየውም ያው አንበሳ ነው። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የንጉሡን ዘር ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ እንደሚወርድ ሲያውጅ፥ አንበሳው የዚያ ዘር ማኅተም መሆኑ ነው፤ ታዲያ የእኔ አያት በዚህ ውስጥ ወዴት ናቸው? ሲል ይጠይቃል። ሙስሊም የሆነች አንዲት ጓደኛችንም መስቀል የያዘው አንበሳ በአገሯ እንደ እንግዳ እንድትቆጠር ያደረጋትን ዘመን እንደሚያስታውሳት ነግራናለች። በሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለሃይማኖት እኩልነት የተደረገውን ታላቅ ሰልፍ መጥቀሷም ተገቢ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ እኛ ሁለቱንም ስንሰማ የዋሸ አላገኘንም። ይህ ነው ነገሩን ከባድ ያደረገው። አያት አርበኛው በዚያ ምልክት ሥር ደማቸውን አፍስሰዋል። አያት ገባሩም በዚያ ምልክት ሥር ላባቸውን ተነጥቀዋል። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ የሄዱት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፥ አገራቸውን የሚወዱ፥ ከሰንደቅ ዓላማው በታች ያለውን ግፍ ግን የጠሉ ነበሩ። ማኅበራችን የእነርሱ ወራሽ ነኝ የሚል ከሆነ፥ ሁለቱንም ለመሸከም ትከሻ ሊኖረው ይገባል።

አንዳንዶቻችሁ፥ አንበሳውም ኮከቡም ይቅርና ልሙጡን እንስቀል ትላላችሁ። ሐሳቡ ቀና ነው። በሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ ስንቱ ሰው በደስታ እንደ ያዘው እናውቃለን። ነገር ግን ልሙጡም ከታሪክ ነፃ አይደለም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ወጣቱ ሲረሸን፥ እናቶች የልጆቻቸውን ሬሳ ሲፈልጉ፥ የመንግሥቱ ሰንደቅ ዓላማ ልሙጡ ነበር። ዓርማ በማንሣት ብቻ ኃጢአት አይነሣም። ደግሞም ኮከቡን ራሱን የሚቀበሉና የማይቀበሉ በመካከላችን አሉ። በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች በክልል ሰንደቅ ዓላማና መዝሙር ምክንያት ሕፃናት ሲጋጩ አይተናል። ትልልቆቹ ያልፈቱትን ቋጠሮ ሕፃናት በጥርሳቸው እንዲፈቱት ተተወላቸው።

ከሌላ አገር ምን እንማራለን? በደቡብ አፍሪካ ከ1928 እስከ 1994 እ.ኤ.አ. ያገለገለው አሮጌ ሰንደቅ ዓላማ የአፓርታይድ ምልክት ሆኖ ቀርቷል። በ2019 እ.ኤ.አ. የእኩልነት ፍርድ ቤቱ ያለ በቂ ምክንያት ማውለብለቡ የጥላቻ ንግግር ነው ሲል ፈረደ፤ ለትምህርት፥ ለጥበብና ለጋዜጠኝነት ሲሆን ግን በር ከፈተ። የእኛ አንበሳ ከዚያ ጋር አንድ ነው አንልም፤ ለነፃነት የተዋጉበትን ምልክት ከአፓርታይድ ጋር ማመሳሰል ግፍ ነው። የምንወስደው ትምህርት አንድ ብቻ ነው። ጥያቄው «ይታይ ወይስ አይታይ?» ብቻ ሳይሆን «የት፥ በማን እጅ፥ ለምን ይታይ?» መሆን አለበት። በመንግሥት ምሰሶ ላይ የሚሰቀል «ዛሬ የምንገዛው በዚህ ነው» ይላል። በሙዚየም ግድግዳ ላይ የሚሰቀል «ይህ ደረሰ» ይላል። ባለፈው ዓመት ጠቡን ያመጣው፥ ጓደኛችን ሁለተኛውን ሊል አስቦ፥ ያየው ወንድሙ አንደኛውን በመስማቱ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን ለማኅበሩ ውሳኔ እናቀርባለን።

አንደኛ፤ በአዳራሹ መድረክና በግቢው ምሰሶ ላይ በሕግ የታወቀው ሰንደቅ ዓላማ ብቻ ይቁም። ሕጉ ይለወጥ የሚል ካለ ሐሳቡን በክርክር ያቅርብ፤ በመሰላል አይውጣ።

ሁለተኛ፤ በታሪክ ምሽት በጎን ግድግዳ ላይ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የነበሩት ሰንደቅ ዓላማዎች በየተራቸው ይታዩ። በእያንዳንዱም ሥር ከስንት እስከ ስንት ዓመተ ምሕረት እንዳገለገለ፥ በሥሩ የተሠራው በጎና ክፉ በእኩል መጠን ይጻፍ። አዋጁ ስላለ ለዩኒቨርሲቲው አስተዳደር አስቀድሞ ይነገርና ፈቃድ ይጠየቅ።

ሦስተኛ፤ ማንም ሰው ለየትኛውም እንዲሰግድ አይገደድ፤ ማንም ሰው የሌላውን አይቅደድ። የሚቃወም በቃሉ ይቃወም።

አራተኛ፤ በባለ አንበሳው ሥር የሚለጠፈውን ጽሑፍ ሁለቱ ጓደኞቻችን አብረው ይጻፉት። ይህን ስንነግራቸው መጀመሪያ ሁለቱም እምቢ አሉ። ትናንት ማታ ግን የገባሩ የልጅ ልጅ ወደ ክፍላችን መጥቶ፥ የተቀደደው ጨርቅ ተሰፍቶ እንደ ሆነ ጠየቀን። አልተሰፋም አልነው። እናቱ ልብስ ሰፊ እንደ ሆኑና እርሱም መርፌ መያዝ እንደሚያውቅ ነግሮን ወጣ። ጨርቁን ገና አልወሰደም፤ ባለቤቱም ገና እሺ አላለም። እኛ ግን ከዚህ ስብሰባ ውሳኔ ይልቅ በዚያች ቃል ተስፋ አድርገናል።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። እኛ አንበሳውን ለማሰርም ለመፍታትም አልመጣንም። ድሩ ግን እኛው ነንና እንዳንበጣጠስ እንጠንቀቅ።